ወደ ሳማንግ የተመለሱት የመምህር አሎይስ ገንዴ የሕይወት ታሪክ

መምህር አሎይስ ገንዴ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ ከነበሩት ከአባታቸው ከአቶ ገንዴ ኮፓና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሞኒካ ዱአ፣ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋ፣ በስምቡ አውራጃ ዶንጋ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1957 ዓ.ም. ተወለዱ (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)።

ስለ ልጅነታቸው ብዙም አያወሩም ነበር። ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ነገር ነው። ከሩቅ የመጡ የሚሲዮን እንግዶች ቤታቸው አረፉ፤ እናታቸው የነበረውን ስኳር ድንች ሁሉ አቀረቡ፤ እንግዶቹ ጠግበው አመስግነው ሄዱ፤ የቤቱ ልጆች ጦማቸውን አደሩ። ትንሹ አሎይስ በዚያ ቀን የቋጠሩትን ቂም አልረሱትም። ትልቅ ሰው ሆኜ እንግዳ ብሆን የድኻ ቤት ድስት አልነካም ብለው ለራሳቸው ማሉ።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዶንጋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በኩንዲያዋ ከጨረሱ በኋላ ካህን ለመሆን ዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ለምን እንደተዉት ሲጠየቁ “መታዘዝ አቃተኝ” ይሉ ነበር፤ የሚያውቋቸው ሁሉ በዚህ ይስማማሉ። ከዚያም በመምህርነት ሠልጥነው ወደ ባሕሩ ዳር ከተማ ወደ ዌዋክ ተመደቡ። በዚያም በ1984 ዓ.ም. ከነርስ ሬጂና ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው ፍራንሲስካን፣ ዳሚየንንና ጀርትሩድን ወለዱ። የደጋ ሰው ናቸውና ባሕሩን እስከ መጨረሻው አልለመዱትም፤ ጀልባ ላይ ከወጡ ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያ ይደግሙ ነበር።

የኮከበ ባሕር ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በ1990 ዓ.ም. በዌዋክ ሲከፈት የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍሉን እንዲመሩ ተመረጡ። መንደር ገብቶ ከሰው ጋር ሰንብቶ ያልሠራ ተማሪ እንዳይመረቅ ያስደረጉት እርሳቸው ናቸው። የነርስ ተማሪዎች ልጆችን ይመዝናሉ፣ የምሕንድስናዎቹ ሮቶ ይተክላሉ፣ የሕግ ተማሪዎች የመሬት ክርክር ያያሉ። ከዚህ ጋር ግን የራሳቸውን ሕግ ጨመሩበት። ተማሪ ሩዙንና የቆርቆሮ ዓሣውን ይዞ ይሄዳል፣ በድንኳኑ ያድራል፣ ከመንደሩ ሰው ኮኮነት እንኳ አይቀበልም። ሐሳባቸው ደግ ነበር። የእናታቸውን ባዶ ድስት እያሰቡ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ሳማንግ ደሴት ተሻገሩ። የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ተከሉ። ሥራው ያለቀ ዕለት የደሴቷ ሴቶች አሳማ አርደው፣ ዓሣ ጠብሰው፣ ሳጎ ከሚባለው የዘንባባ ግንድ ዱቄት ያገነፉትን ገንፎ በቅጠል በቅጠል አቅርበው ጠበቁ። መምህር አሎይስ ቆመው አመሰገኑና ተማሪዎቹን ወደ ጀልባው ላኩ። ያኔ እማማ ፊሎሜና የተባሉት የደሴቷ ሴት እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ጀልባውን ያዙት።

“አንተ መምህር፣ ምን ሆነን ነው? ልጆቹን ከደጄ ባዶ ሆዳቸውን ልትወስዳቸው ነው?”

“እማማ፣ እኛ የመጣነው ልናገለግል እንጂ ልናስቸግራችሁ አይደለም።”

“ኧረ ተወኝ! ማን ለምኖህ ነው የምታገለግለው? በል ሂድ። ሁለተኛ እግርህ እዚህ እንዳይደርስ!”

ሳማንግ ቃሏን ጠበቀች። በቀጣዩ ዓመት ጀልባው ሲመጣ የሚቀበል ሰው አልወጣም። ሮቶውን አጋድመው ዶሮ አስፍረውበት ነበር።

መምህር አሎይስ ሲመለሱ ለባለቤታቸው “ሬጂና፣ ሰዎቹን አዋርጃቸዋለሁ” ብለው አለቀሱ። ሕጋቸውንም ራሳቸው ሻሩት። ከዚያ በኋላ ተማሪ የቀረበለትን ይበላል፣ በመንደሩ ሰው ቤት ያድራል። በየዓመቱም በኅዳር መንደሮቹ በተራቸው ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ይመጣሉ። የሴፒክ ወንዝ ዳር ሴቶች መጥተው በግቢው ሙዝና ጎደሬ ተከሉ፤ ዛሬም ወደ አገሩ የሚመለስበት የጀልባ መሳፈሪያ ያጣ ተማሪ በዕረፍት ጊዜ የሚበላው ከዚያ ጓሮ ነው። ስለ አጋርነት ብዙ ንግግር በአዳራሽ ተደርጓል፤ እርሳቸው ግን ጓሮውን ብቻ ያሳዩ ነበር።

ያልመጣችው ሳማንግ ብቻ ናት። በየኅዳሩ ለሳማንግ ሰዎች ቦታ ያስይዙ ነበር፤ ማንም አይቀመጥበትም። ይቅርታ ለመጠየቅ ትልቅ አሳማ ቢልኩ እማማ ፊሎሜና “አሁንም ሰጪው እሱ ነው? ከእኛ የሚፈልገው ነገር የለም ማለት ነው?” ብለው በዚያው ጀልባ መለሱት። ወይዘሮ ሬጂና እንደሚናገሩት፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ከቅዳሴ ሲመለሱ ባሕሩ ዳር ቆመው ደሴቷን አሻግረው ያዩ ነበር። ሌላው መንደር ሁሉ ስማቸውን ለልጁ ሲያወጣ፣ እርሳቸው ያቺን አንዲት ደሴት ናፈቁ። ናፍቆቱም አንጀት የሚበላ ነበር።

በ2023 ዓ.ም. ኩላሊታቸው መታመሙ ታወቀ። ሐኪሙ እውነቱን ሲነግራቸው ልጃቸውን ዳሚየንን ጠርተው “ሳማንግ ሂድና እማማ ፊሎሜናን ለምንልኝ። የመቃብር ቦታ ይስጡኝ” አሉት።

የዶንጋ ወገኖቻቸው ተቆጡ። ይህን ታሪክ የጻፈችው የእህታቸው ልጅም ከደጋ ወርዳ “አጎቴ፣ ከአባትና ከእናትዎ ተለይተው ከባሕር ሰው ጋር ሊተኙ ነው?” ብላ ሞግታቸው ነበር። እርሳቸውም “ልጄ፣ ዶንጋ ሳልጠይቃትም የኔ ናት። ሳማንግን ግን መለመን አለብኝ። ስሰጥ ኖርኩ እንጂ በዕድሜዬ ማንንም ለምኜ አላውቅም” አሏት።

ዳሚየን ከእማማ ፊሎሜና ይዞት የተመለሰው መልስ ይህ ነው። “እሰይ! አፉን ለመክፈት ይህን ሁሉ ዘመን ፈጀበት? ቦታማ አለው። ግን ሬሳውን ብቻ እንዳታመጡልኝ፤ በቁሙ ይምጣና ይብላ!”

በጀልባ ተወሰዱ። እማማ ፊሎሜና፣ ዓይናቸው ደክሞም ቢሆን፣ የሳጎ ገንፎውን በእጃቸው እያጎረሱ አስታመሟቸው። መምህር አሎይስ አንድ ጊዜም “በቃኝ” አላሉም። በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ጥቅምት 19 ቀን 2023 ዓ.ም. በእማማ ፊሎሜና ቤት ቅዱሳት ምሥጢራትን ተቀብለው አረፉ፤ በለመኑት ቦታም ተቀበሩ።

መምህር አሎይስ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነበሩ፤ አምስት የልጅ ልጆችም አይተዋል። ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ሲነበብላቸው እማማ ፊሎሜና “ቤተሰቦቹ ብለሽ ስትጽፊ እኛን ዝለይንና ጉድሽን ታያለሽ” ብለዋልና፣ የሳማንግ ሕዝብም ሐዘንተኛ ቤተሰባቸው ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በመንግሥቱ ማዕድ ያስቀምጥልን። ዛሬስ እምቢ አይሉም።