የአዱሬ የጤና ወረቀት

ጥቅምት 9
ዛሬም ጉም። የጨፋ ሜዳ ከነማሽላው ጠፍቶ አረፈደ፤ አራት ሰዓት ላይ ነው ብቅ ያለው። ሁለት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፋሁ። ሦስተኛውን ስጀምር አዱሬ መጥታ ጨርቁ ላይ ተኛች። እንዴት ይወሰድባታል? ስም እንኳ አላወጣሁላትም፤ አዱሬ በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው፣ በቃ። ከሥጋ ቤቶቹ ጓሮ ስትንከራተት ኖራ አምና ክረምት በዝናብ ገባች። ያኔም አሮጊት ነበረች፣ አንድ ጆሮዋ የተበላ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ሁለታችንም አንቀላፋን። የቦርከናን ወንዝ ስሻገር በሕልሜ አየሁ፣ እግሬ ሳይርስ። ስነቃ እሷ በእንቅልፏ እግሯን ታንቀሳቅሳለች። ሕልሙ የማን ነበር?

ጥቅምት 12
ከውሰር ከደሴ ደወለች። ካረገዘች ስድስት ወር ሞላት። እናቷ፣ እህቴ፣ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እማ ነው የምትለኝ። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እናት ቤት ነው የሚወለደው። ታኅሣሥ ላይ ትመጣለች። ደስ አለኝ።

ከዚያ ባሏ ሙሀመድኑር ስልኩን ተቀበለ። ሐኪም ቤት ስለ ድመት ነግረዋቸዋል። ከዓይነ ምድሯ የሚመጣ በሽታ ጽንስ ይጎዳል ተብሎ... "አይቀየሙኝ አክስቴ። ድመቷ እዚያ ካለች ከውሰርን አላመጣትም።"

አልተቀየምኩም። የመጀመሪያ ልጁ ነው፣ ቢፈራ ምን ይገርማል? ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። መርፌ ይዤ፣ ክር ሳላስገባ።

ጥቅምት 13
ጎረቤቴ ዘይኑ ሰማ። በባጃጁ ሰንበቴ ከተማ ወስዶ ገበያው አጠገብ ሊለቅልኝ ይፈልጋል። እህል ባለበት አይጥ አለ፣ አትራብም ይላል። ላስብበት አልኩት። አሰብኩበትም... ማሰቤ ነው ያሳፈረኝ። በሦስት ጥርስ ምን አይጥ ልትይዝ ነው?

ጥቅምት 15
መላ መጣልኝ። ሙሀመድኑር የከብት ነጋዴ ነው፤ ማኅተም ያረፈበት የጤና ወረቀት የሌለው በሬ አይገዛም። ደወልኩለት። ለበሬ የሚበቃ ወረቀት ለድመት አይበቃም ወይ አልኩት። ሳቀ። ወረቀቱ ከመጣ እሺ፣ ካልመጣ ግን እሺ የለም አለ።

ጥቅምት 16
የእንስሳት ክሊኒክ። አዱሬ በዘንቢል፣ ሻሽ ሸፍኜባት። ግራም ቀኝም በሬ። ፍየል ይዞ የቆመ ሰውዬ ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ። ድመት አልኩት። አዘነልኝ መሰለኝ፣ ወረፋውን ለቀቀልኝ።

ሐኪሙ አንዋር ይባላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ድመት ገብታ አታውቅም። እጁ ግን ለስላሳ ነው። በኦሮምኛ እያባበለ ደም ቀዳት። ነከሰችው፣ በየትኛው ጥርሷ እንደሆነ እንጃ። ዓይነ ምድሯንም በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ ሰጠሁት። ዕድሜዋ ከአሥራ ሦስት ዓመት አያንስም አለ።

ፎርሙ ላይ "ዓላማ" የሚል መስመር አለ። ለእርድ፣ ለሽያጭ፣ ለእርባታ። እስክሪብቶውን ይዞ አየኝ። "እኔ ዘንድ እንድትኖር" አልኩት። እንዳልኩት ጻፈው።

ውሃ ታበዛ እንደሆነም ጠየቀኝ። ታበዛለች። ለሶላት የምታጠብበትን የውዱእ ውሃዬን ሳይቀር ትጠጣለች፤ የድመት ትራፊ ንጹሕ ነው፣ ከልክያት አላውቅም። ሙቀቱ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ጎኗን ዳሰሰ፣ ደግሞ ዳሰሰ። ደሙ ወደ ትልቅ ላብራቶሪ ይሄዳል።

ጥቅምት 20
ምንም ወሬ የለም።

ጥቅምት 26
አዱሬ ከሰንበቴ በእግሯ ስትመጣ በሕልሜ አየሁ። የገበያው ግመሎች ከኋላ፣ እሷ ከፊት፣ ወረቀት በአፏ ይዛ። ላነበው ስል ነቃሁ። እሷ ደረቴ ላይ ነበረች። ቀልላለች።

ኅዳር 2
ወረቀቱ መጣ። ማኅተም አለው። የተፈራው በሽታ አልተገኘም። አልሐምዱሊላህ። ቢሆንም አንዋር ጥንቃቄ አይቅር አለ። የምትጸዳዳበትን የአሸዋ ሳፋ በየቀኑ እኔ ላጽዳ፣ ከውሰር አትንካው፣ ለድመቷም ጥሬ ሥጋ አይሰጣት። እሺ እሺ እያልኩ ልነሳ ስል...

ከታች ሌላ መስመር ነበር። ኩላሊቷ ደክሟል። መድኃኒቱስ አልኩ። ማስታገሻ ብቻ። ስንት ጊዜ አላት አልኩ።

"እናቴ፣ ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት። አላህ ነው የሚያውቀው።"

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። የደረሰብኝ ያልፈራሁት ነው። ዘንቢሉን አቅፌ በእግሬ ተመለስኩ፤ ባጃጅ መጥራትም ረሳሁ።

ኅዳር 3
ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለሙሀመድኑር ልልክ ስል የላይኛውን መስመር ብቻ ላድርገው አልኩ። ለምን? እንዳያዝንልኝ? ተውኩት፣ ሙሉውን ላክሁ። ነጋዴ ነው፤ እስከ መጨረሻው መስመር ያነባል።

ከዐስር ሶላት በኋላ ደወለ። "አክስቴ፣ ከውሰርን አመጣታለሁ። ድመቷን የትም እንዳይሰዷት።" ከዚያ ደግሞ፦ "ምን ትበላለች?"

ኅዳር 24
ዛሬ አልበላችም። ፀሐዩን እየተከተለች ከምንጣፍ ወደ ደጃፍ፣ ከደጃፍ ወደ ምንጣፍ። እኔም ሥራ ትቼ ተከተልኳት። የማን ዩኒፎርም እንደቀረ እንኳ አላስታውስም።

ታኅሣሥ 8
ከውሰር ገባች። እግሯ አብጧል፣ ፊቷ ሞልቷል። ሙሀመድኑር ዕቃውን አወረደ፤ የተቀቀለ ዶሮም ይዟል፣ ለአዱሬ ብሎ። ከዚያ ተንበርክኮ ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ጥርሷን አየ፣ እንደ በሬ። ዶሮውን በጣቱ አድቅቆ አጎረሳት። ሁለት ጉርሻ ዋጠች።

እሱ ወደ ገበያው ሄደ። ከውሰር ምንጣፉ ላይ በጎኗ ጋደም አለች። አዱሬ ቀስ እያለች ሄዳ ሆዷ ሥር ተጠመጠመች። ልከለክላት ስል ከውሰር ተያት እማ አለችኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁለቱም እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ እኔ ተቀምጬ አያለሁ።

ልጁ ተራገጠ። በቀሚሷ ላይ ሳይቀር ታየኝ። አዱሬ ዓይኗን ገለጠች፣ ሆዱን አየችው። ከዚያ እንደምንም ተነሥታ ትንሽ ፈቀቅ አለችና ቦታ ለቀቀችለት።

አለቀስኩ። ከውሰር ነቅታ ነበር። እጄን ያዘችኝ።