የልጄን ልብ ለሠሩት፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ

ክቡር ፈጣሪ ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ሕመም የማይደፍርዎት ስለሆኑ ጤና መመኘቴ ትርፍ እንደሆነ ባውቅም፣ ጤናዎ ይብዛልኝ።

በጸሎት ዘመኔ ሁሉ «አንተ» ስልዎት ኖሬአለሁ። አንቱታው የመጣው ከተቃቃርን ወዲህ ስለሆነ እንደ አክብሮት ብቻ እንዳይቆጥሩልኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ልቧ ላይ ቀዳዳ ይዛ ተወልዳለች፤ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ሐኪሞች ደረቷን ከፍተው ሊደፍኑት ነው። ይህን ምክንያት በማድረግ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. በሱቃችን የተበላሸ ልብስ ሲመለስ የሚያስተካክለው ራሱ የሰፋው ሰው ነው፤ ያውም ደንበኛው ቆሞ እያየው። ባለፈው ወር የአንድ ሙሽራ ኮት እጅጌዎች አቀያይሬ ገጥሜ፣ ሰውዬው ከፊቴ ሳይነቃነቅ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ ፈታሁት። እርስዎ የእጅዎን ስህተት ለሌላ ሰው ትተው ዘወር ማለትዎ፣ ከእኛ ምን ያህል ከፍ እንደሚሉ ያሳያል።

2. ወደ ቤታችን የሚያስወጣው ደረጃ አሥራ ሁለት ነው። ልጄ አምስተኛው ላይ ቁጭ ትልና የጫማዋን ክር የምታስር ትመስላለች። ክር የሌለው ጫማ ያደረገች ቀንም ታስራለች። እኔም ግድግዳውን አያለሁ። በዚህ ዕድሜ ይህን የመሰለ ይሉኝታ ስላሳደሩባት ምስጋናዬ የላቀ ነው።

3. አማቴ «ለበጎ ነው» ይሉኛል። ለማን በጎ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ተው አንተ ሰው ታስቀስፈናለህ ብለው ያጠፉትን ፎጣ ዘርግተው እንደገና ያጥፋሉ። እኚህን ሴትዮ እስከዚህ ድረስ ማስፈራራትዎን አደንቃለሁ።

4. ይህን ባዶ ትቼዋለሁ። ሐሙስ እርስዎ ይሞሉታል።

የሉም ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ጎረቤቴ እንዲያ ብሎ እፎይ ብሏል። እኔ ግን በሌለ ሰው መቀየም አልችልበትም። ደግሞም ልጄ ስትተኛ ሽፋሽፍቷን አይቻለሁ፤ አንዲት ፀጉር እንኳ ያለቦታዋ አልገባችም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። አልችልም ብሎ ያበላሸ ሰው ይቅር ይባላል። እንዲህ አሳምሮ የሚችል እጅ፣ ልብ ላይ ሲደርስ ምን ነካው?

እንደ ወትሮው መልስዎን በዝምታ እንደሚያደርሱኝ በመተማመን፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ጊዜ የማያልቅብዎት መሆኑንም እያስታወስኩ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ቅር የተሰኘው የእጅ ሥራዎ

ማስታወሻ፦ ልጄ ለማን እንደምጽፍ ጠይቃኝ ነገርኳት። የጎረቤታችን ድመት የጅራቷ ጫፍ ነጭ ስለሆነ አመስግንልኝ ብላለች፤ አደራ ሆኖብኝ አድርሻለሁ። እሷ እስካሁን አልተቀየመችዎትም። እኔን መካስ አይጠበቅብዎትም፤ ብቻ እሷን ቀና ብለው ማየት የሚያስችልዎትን ሥራ ይሥሩ።