ከቀጋዬ ሥር የወጣው ማር
ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ፣ ደብረ ታቦር

ትናንት ጎረቤቴ አያ ደርሶ «ለሳልሽ ፍቱን ነው» ብሎ የጣዝማ ማር በብርጭቆ አመጣልኝ። «እጅህ ይባረክ!» ብዬ ወዲያው ላስሁት፤ ሞኟ እኔ። ዛሬ ጠዋት ጓሮ ብወጣ ከቀጋዬ ሥር ትኩስ ጉድጓድ። ጣዝሞቼን ከነቤታቸው ቆፍሮ ጨርሷቸዋል! የአበባውን ዱቄት እያዳረሱ ቀጋዬን ፍሬ የሚያሲዙልኝ እነዚያ ደቃቆች ነበሩ። የእሱ የቀፎ ንቦችማ የባቄላ ማሳ እያለላቸው አበባዬን ዞረውም አያዩት። ያቺ ሌላዋ፣ ቅጠል ቆራጯ ንብም፣ ቅጠሉን ቆርጣ ለጎጆዋ ከመውሰድ በቀር ሥራ የላት። ዘንድሮ ቀጋ የሚባል አልቀምስም።

አጥሩ ጋ ጠርቼው ስጮህበት ይስቃል። «ታዲያ ተሻለሽ አይደል?»

ልሰድበው አፌን ከፈትሁ። ከትናንት ወዲህ አንዴም አላሳለኝም።