መርዶ ያልደረሰው እንግዳ

ሰኞ

ታሜ፣ እንግዳህ ነገ ዲላ ይገባል። ቡታናዊው ዶርጂ፣ ዓመት ሙሉ የወፍ ፎቶ ስትለዋወጡ የከረማችሁት፣ እንዳንተው አስጎብኚ የሆነው። እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው።

ጥፋቴን አንድም ሳልደብቅ ልጻፍልህ። ከሐዋሳ አስከሬንህን አምጥተን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ስልክህ ላይ «እንዴት ነህ?» ብሎ ላከ። መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ ዝም አልኩ። ይህ ደንብ ነው። በማግሥቱ ደግሞ ጠየቀ። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብዬ በአንተ ስም መለስኩለት። ይህ ግን ደንብ አይደለም። ሁለት ወር ገደማ አንተን ሆኜ ጻፍኩለት።

አንድ ሰው ዘንድ እንኳ በሕይወት ይቆይልኝ ብዬ ነው፣ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። መጀመሪያ እሱ እዚህ አራት ቀን፣ ከዚያ አንተ እሱ አገር ሁለት ሳምንት ተባብላችሁ ነበር። የግብዣውን ደብዳቤ ሳነብ በአንተ ፋንታ እኔ አውሮፕላን ስሳፈር ታየኝ። ዓይኔ ገና ከለቅሶ ሳይደርቅ።

ለእማዬ «የታሜ ወዳጅ ለቅሶ ሊደርስ ነው» አልኳት። «ከዚያ ሁሉ አገር?» ብላ አለቀሰች። አሁን አልጋህን እያነጠፈችለት ነው።

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት ቀረሁ። መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩት። አጭር ነው፣ ሳቂታ ነው፣ የሩቅ ማያ መነጽሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው የመጣው።

«ታምራትስ?» አለኝ ገና ከመኪናው ሳይወርድ።

እንግዶች ይዞ ሞያሌ ሄዷል፣ ሰሞኑን ይመጣል አልኩት።

እማዬ በጥቁር ልብሷ በር ላይ ቆማ ነበር። አንገቱን አቅፋ ተንሰቀሰቀች። እሷ እንግሊዝኛ አትችልም፣ እሱ አማርኛ አይችልም። መካከል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

«እናትህ ምን ሆና ነው?» አለኝ።

«ዓይኗን ያማታል።»

አዘነ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «ልጅሽ ጎበዝ ነው፤ አገሬ ሲመጣ ተራራ ለተራራ ይዤው እዞራለሁ በልልኝ» አለ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ይላል» አልኳት።

«አሜን። አንተንም ይባርክህ ልጄ» አለችው።

ታሜ፣ ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል።

አንድ ነገር ብቻ ደስ አለኝ። ቆጮውን በዳጣ እያጠቀሰ ሲበላ ተው ያቃጥልሃል ብንለው፣ «እኛ ዘንድ ቃሪያ ማጣፈጫ አይደለም፣ ወጡ ራሱ እሱ ነው» አለ። ስተረጉምላት እማዬ «እንግዲያው የኛው ሰው ነው» ብላ ሳቀች። ካንተ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ሳቋን ያገኘሁት በውሸት ነው።

ረቡዕ

ዛሬም ቀረሁ። ይርጋ ጨፌ አጠገብ፣ በኮንጋ በኩል ቡናና እንሰቱ ውስጥ ገባን። ያየነው፦

ሆርንቢል፣ ባለ ግዙፍ መንቁሩ፣ ሁለት። ሲበሩ ክንፋቸው እንደ ሞተር ይጮኻል።
ቱራኮ፣ አረንጓዴው፣ አንድ። ክንፉ ቀይ መሆኑ የሚታየው ሲበር ብቻ ነው።
ትንሽ ቢጫ ወፍ። ስሟን አላውቅም። «ታምራት ያውቃታል፤ ሲመጣ እንጠይቀዋለን» አለ።

ስንመለስ ትክል ድንጋዮቹ ጋ ወሰድኩት። ቀኝ እጁን ወደ ድንጋዩ አድርጎ በዝግታ ዞረው። የተቀደሰ ነገር በአገሩ እንዲህ ነው የሚዞረው። እዚያ ባለ ጥቁር አንገት ረጃጅም ወፎች አሉ አለኝ፤ ብርዱ ሲገባ ከቲቤት ይመጣሉ፣ ሸለቆው ውስጥ ከማረፋቸው በፊት ገዳሙን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ ይባላል። «ታምራት ሲያያቸው እኔ ወፎቹን አይደለም፣ የእሱን ፊት ነው የማየው» አለ።

ከዚያ ድንጋዮቹ ለምን እንደቆሙ ጠየቀኝ። ለሞቱ ሰዎች ነው አልኩት። «እኛ ዘንድ የሞተ ሰው እስከ አርባ ዘጠኝ ቀን መንገድ ላይ ነው። ወዳጁ ሁሉ በቅቤ መብራት ያበራለታል፣ መንገዱ እንዳይጨልምበት» አለኝ።

ቆጠርኩ። ካለፍክ ስልሳ አንድ ቀንህ ነው።

እስከ ዛሬ የሰረቅኩት ጉዞህን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የወዳጅህን ለቅሶም ሰርቄዋለሁ፣ ያውም ጊዜው ካለፈ የማይመለሰውን።

ቤት ስንደርስ እማዬን ጓሮ ጠራኋት። «አያውቅም» አልኳት። «ማን?» አለች። «ዶርጂ። ታሜ መሞቱን አያውቅም። በሱ ስም ስጽፍለት የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ትመታኛለች ብዬ ነበር። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ ትናንት አሜን ያልኩት ለማን ነው?» አለች። ከዚያ፣ «ምሳ በልቷል?» አለች። መንገድ ላይ በልተናል አልኳት። «ዛሬ እንቅልፉን ይተኛ። መርዶ ሲመሽ አይነገርም። ሂድና አጎትህን ጥራ፣ ሲነጋ ይምጣ።»

ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ አጎታችን ጋሽ በየነ ሁለት ጎረቤቶች አስከትሎ መጣ። «ባዕድ ነው ብላችሁ ቆሞ እንዳትነግሩት። እንደ ወንድሙ አስቀምጡት» አለች እማዬ።

ዶርጂ ፊቱን ታጥቦ ሲወጣ ወንበር ሰጡት። ሰዎቹን አየ፣ ከዚያ እኔን። ጋሽ በየነ እንግሊዝኛውን ጀመረና አልሄድ አለው። «አንተ ተናገር» አለኝ፣ «የዋሸው አፍ ያንተ ነው።»

ተናገርኩ።

ዶርጂ ስልኩን አወጣና መልእክቶቹን ወደ ኋላ አገላበጠ። ከዚያ፣ «ጉንፋን ይዞኛል ብሎ የጻፈልኝ ማነው?»

«እኔ።»

«በልደቴ ቀን እንኳን አደረሰህ ያለኝስ?»

«እኔ።»

አቀፈኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አላቀፈኝም። ተነስቶ ሄዶ የእማዬን እጅ ያዘና አለቀሰ። ሲረጋጋ ቅቤ ለመነ። ጥጥ ገምዶ ቅቤው ውስጥ አቆመና ለኮሰው። ጋሽ በየነ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። እማዬ «ተወው በየነ፣ የሱ ለቅሶ ነው» አለችው። ጋሽ በየነ ኮፍያውን አወለቀ። መብራቱ እስኪያልቅ ከወንበሩ አልተነሳም።

ዓርብ

ሸኘሁት። ስለ ቡታን ጉዞ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ያነሳ ይሆን ብዬ ግን እስከ መናኸሪያው በር ድረስ ጠበቅኩ። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ! ራሴን የታዘብኩት እዚያ ነው።

መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ከጻፍክልኝ በራስህ ስም ጻፍ» አለኝ። ይቅርታ ይሁን ምክር አልገባኝም።

ቅዳሜ

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነበርኩ። ታሜ፣ አንተ የለህም፣ እንግዳ የለም፣ የማስተረጉምለት ሰው የለም። ገና በሌሊት ከዲላ ተነስቼ ይርጋ ጨፌ፣ ከዚያ በሞተር ሄጄ ኮንጋ ወረድኩና በእግር ወደ ላይ ወጣሁ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም።

አንድ ሽማግሌ ቡና ይለቅማሉ። ቅርጫት አንግተዋል። ትክ ብለው አዩኝና፣ «አንተ፣ የዚያ ወፍ የሚያሳየው ረጅም ልጅ ወንድም አይደለህም? መልክህ እሱን ነው» አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። «እኛ ወፍ ስናባርር እሱ ወፍ ፈላጊ ይዞብን ይመጣል!» ብለው ሳቁ። «የት ጠፋ? ደህና ነው?»

ደህና ነው ለማለት አፌ ተከፍቶ ነበር። ለምጄዋለሁ።

ዙሪያዬን አየሁ። ጋሽ በየነ የለም፣ ጎረቤት የለም። ፀሐይዋ ገና እየወጣች ነው።

«አባባ» አልኳቸው፣ «መጀመሪያ ቅርጫቱን ያውርዱትና እንቀመጥ።»