ጠብቂ ያልኩሽን ስለ መሻር

ለእህቴ፣ ለቤታችን አዛዥ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጠዋት ስትነሺ ጣቶችሽ ይታጠፋሉ ወይስ አሁንም የበሩን ቁልፍ የምታዞርልሽ ትልቋ ልጅሽ ናት? የእግርሽ እብጠትስ እንዴት ነው፣ ጫማሽ ይገባል? እማዬ ደረጃውን ትወጣለች ወይስ ታች ሆና ነው የምትጣራው? አባታችን ጋሼስ ሳሉ ለቀቃቸው? ጠያቂዋ ትንሿ ልጅሽስ፣ አስተማሪዋን በጥያቄ አሰልችታ ጨረሰችው ወይስ ገና ነው?

እኔ ተመስገን ጤና ነኝ። ብቻ ዕረፍት የሚባል ነገር የለኝም። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ሦስት ጊዜ ተነስቼ መስኮቱን ከፍቼ ዘግቻለሁ። አጠገቤ የምትሠራው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ ብላ ስለተቆጣችኝ አሁን ተቀምጫለሁ፤ እግሬ ግን ከጠረጴዛው ሥር አልተቀመጠም።

ትናንት ደውዬ መድኃኒቱን ጀምሪ ስልሽ ያልሽኝን አልረሳሁትም። ባለፈው ጠብቂ አልከኝ፣ ዛሬ ጀምሪ ትለኛለህ፤ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የአውቶቡስ ስምሪት ላይ ስሠራ በቃል በተነገረኝ ትእዛዝ አንድ መኪና ከግቢ አስወጥቼ አላውቅም፤ ምክንያቱን ዘርዝረህ በወረቀት ላክልኝ ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። እሺ፣ አዛዥ። ይኸው በወረቀት። ፎቶ አንስቼ ዛሬውኑ በልጅሽ ስልክ እልከዋለሁ፣ ዋናው በፖስታ ይደርስሻል።

የምሽረው ይህን ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ዶክተሯ ያዘዘችልሽን ጠንካራ መድኃኒት ሳትጀምሪ ትንሽ ጠብቂ ብዬሽ ነበር። ተሳስቻለሁ። አትጠብቂ። ደብዳቤውን ሳትጨርሺ ተነስተሽ ብትጀምሪው ደስታዬ ነው፤ ግን አውቅሻለሁ፣ ምክንያቱን ሳታዪ ንቅንቅ አትዪም።

ምክንያቱ ትንሽ ከሩቅ ይነሳል። በሽታሽ ሳይታወቅ የተንከራተትሽበትን ያን ስድስት ዓመት አስቢው። የመገጣጠሚያው ሐኪም ጣትሽን ብቻ እያየ ማስታገሻ ይሰጥሻል፣ የቆዳው ሐኪም ፊትሽ ላይ የወጣውን ቀይ ነገር እያየ ቅባት ያዝልሻል፣ ሌላው ደም አንሶሻል ይላል። አንዱ ያዘዘውን ሌላው አያውቅም። አንቺ ወረቀትሽን በፌስታል ይዘሽ ከወረፋ ወረፋ ስትዞሪ እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፣ እበግን ነበር። በመጨረሻ ይቺ ዶክተር ሁሉንም ወረቀት አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አንድ በሽታ ነው፣ ሉፐስ ነው አለችሽ፤ ሰውነትሽን የሚጠብቀው ኃይል በራስሽ ላይ ተነስቶብሻል አለች። ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ያ መብገን ነው። እሷ ጠረጴዛ ላይ ያደረገችውን በኮምፒውተር ማድረግ ፈለግሁ።

ሥራችን ይሄ ነው። ሰውነታችን ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች አሉ፤ አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ ሌላው ደግሞ ያንን ያስቆማል። እኛ እያንዳንዱን አንድ ነጥብ እናደርገዋለን። ሁለቱ እንደሚገናኙ በጥናት ከታወቀ በመካከላቸው መስመር እናሰምራለን። መረብ እንለዋለን። ከዚያ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሕሙማንን የደም ውጤት እላዩ ላይ አድርገን የትኛው ሠፈር እንደተረበሸ እናያለን። እንዳንቺ ያለ በሽታ አንድ ጥፋተኛ የለውም፤ ብዙ ትንንሽ ነገሮች ተጠላልፈው ነው ሰው የሚጥሉት። ስለዚህ የምንፈልገው፣ እሱ ቢያዝ የቀረው ሁሉ ሊበርድ የሚችልበትን ነጥብ ነው። እሱን የሚይዝ፣ ለሌላ በሽታ ተሠርቶ ገበያ ላይ ያለ መድኃኒት ከተገኘ ደግሞ የብዙ ዓመት መንገድ ያሳጥርልናል። በስልክ ስነግርሽ የአውቶቡስ ካርታ ነዋ አልሽኝ። አዎ፣ እሱው ነው።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ነጥብ ከሁሉም በላይ ሆኖ ወጣ። ከየአቅጣጫው መስመር ስለሚገባበትና ሁሉም ከቦት ስለቆመ ሙሽራው አልነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ መድኃኒትም ተገኘለት። ያውም ዶክተሯ ካዘዘችልሽ የሚለዝብ፣ ፀጉር የማያሳሳ። መሬት አልበቃኝም። አለቃዬ ገና ነው፣ ለማንም እንዳትናገር ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ደወልኩልሽ። ያን ቀን መድኃኒቱን ፈርተሽ፣ ሳጥኑን ሳትከፍቺ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠሽው ነበር። ጠብቂ አልኩሽ። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው ዶክተሯ እኮ እሷን መርምራ ነው ያዘዘችው፣ አንተ ያየኸው ኮምፒውተር ነው ሲሉኝ፣ በማያውቁት ነገር ባይገቡ ጥሩ ነው አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ለእሳቸው።

አንቺ ግን ያን ዕለት አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። መስመሮቹን ማን ቆጠራቸው አልሽ። ተመራማሪዎች አልኩሽ። ሁሉም ነጥብ ላይ እኩል ቆመው ነው የቆጠሩት ወይ አልሽ። ከዚያ የመሥሪያ ቤታችሁን ጉድ ነገርሽኝ። ተሳፋሪ ይቆጠር ተብሎ ቆጣሪዎች ተመደቡ፤ ሪፖርቱ ሲመጣ ሰው የሚበዛበት ፌርማታ ገበያው ጋ ያለው ሆነና ስድስት አውቶቡስ ተጨመረለት። ኋላ ስታጣሪ ለካ ቆጣሪዎቹ ጥላ ያለበት እሱ ብቻ ስለነበር ሁሉም እዚያው ነበር የሚውሉት። የሆስፒታሉ በር ላይ ያለው ፌርማታ በወረቀት ባዶ ነው፤ ሰዉ ግን ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ይውላል። እኔ ሳቅሁ። እህት ዓለም፣ ይሄ እኮ አውቶቡስ አይደለም አልኩሽ። አንቺም እሺ አልሽ። ለሥራ አስኪያጅ እንኳ የማትመለሺ ሴት ለእኔ እሺ አልሽ።

ባለፈው ሐሙስ ውጤቱን ለቡድናችን ሳቀርብ ይቺው የስታቲስቲክስ ባለሙያ እያንዳንዱ ፕሮቲን ላይ ስንት ጥናት እንደተጻፈ ከጎኑ አስቀምጥልኝ አለች። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። አስቀመጥኩት። ሙሽራው ላይ ከስምንት ሺህ በላይ ጥናት ተጽፏል። በካንሰር ምክንያት ዝነኛ ስለሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ ዓለም ሁሉ እሱን ሲያጠና ነው የኖረው። ብዙ መስመር የተገኘለት ብዙ ስለተፈለገለት ነው፤ ሌሎቹ ያነሰባቸው ዞር ብሎ ያያቸው ስለሌለ ነው። ያንን አስተካክለን ስናሰላው ከአንደኛ ወደ ስልሳ ሦስተኛ ወረደ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። አንቺ ያለ ኮምፒውተር፣ በስልክ፣ በሁለት ጥያቄ ያየሽውን እኔ ሁለት ወር ሙሉ አላየሁትም። አለቃዬ ቀድሞ ያስጠነቀቀህ ሰው አልነበረም ወይ ሲለኝ አንዲት የአውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ ነበረች አልኩት፤ የቀለድኩ መሰለው።

በማግስቱ ዓርብ ልጅሽ የምርመራ ውጤትሽን ፎቶ ላከችልኝ። በሽንትሽ የሚወጣው ፕሮቲን ከአምስት ሳምንት በፊት ከነበረው እጥፍ ሆኗል። በሽታው ኩላሊትሽ ላይ እየሠራ ነው ማለት ነው። አምስቱን ሳምንት ለበሽታው የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ያኔውኑ መደወል ነበረብኝ፤ አልደወልኩም። ቅዳሜና እሁድ ስሌቱን አሥራ አንድ ጊዜ ሠራሁት፣ ሙሽራው በአንዱ መንገድ እንኳ ተመልሶ አንደኛ ይወጣልኝ እንደሆነ ብዬ። አንዴ ሰባተኛ ወጣና ልቤ ዘለለ። ስህተት አስገብቼ ነበር። የተከራየሁት ክፍል ከአልጋው እስከ ማጠቢያው አምስት እርምጃ ነው፤ ስመላለስበት ዋልኩ፤ ከሥር የሚኖረው ጫማ ሠሪ ምን ሆነሃል ብሎ በር አንኳኳ። ምንም አልኩት። ምን እንደሆንኩማ አውቀው ነበር። አንቺ ኩላሊትሽ እየተጎዳ፣ እኔ ስሜን ሳድን ሦስት ቀን አሳለፍኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ዘርዝር ብለሻል።

ሥራችን ከንቱ ነው እያልኩሽ አይደለም። ስሌቱ ሲስተካከል ዘጠኝ ነጥቦች ጎን ለጎን ሆነው ወጡ፤ ማንም ብዙም ያላጠናቸው ናቸው። ምናልባት የበሽታው ቁልፍ እዚያ ይሆናል፣ ምናልባትም አይሆንም። በሴል፣ ከዚያ በአይጥ፣ ከዚያ በሰው እስኪፈተኑ ዓመታት ይፈጃል። ኩላሊት ይህን ያህል አይጠብቅም። መሳቢያሽ ውስጥ ያለው መድኃኒት በእኔ ስክሪን ላይ ሳይሆን እንዳንቺ በታመሙ ሰዎች ላይ ተፈትኖ የብዙዎችን ኩላሊት ያቆየ ነው። ፍጹም አይደለም። ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ስለዚህ ትኩሳት ከተሰማሽ እስኪያልፍልኝ ብለሽ እንዳትተኚ፣ ያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ። ደምሽን በስንት ጊዜ እንደምትመረመሪም ዶክተሯን ጠይቂያት። ሳጥኑን ዛሬ ይዘሽ ሂጂና አምስት ሳምንት ሳልጀምር ቆይቻለሁ ብለሽ እውነቱን ንገሪያት፤ ማን ነው ያዘገየሽ ካለች ይህን ወረቀት አሳያት። ፀጉርሽ ቢሳሳ ደግሞ ያን የምታሾፊበትን የእኔን ራሰ በራ ታስቢያለሽ፤ ቢያንስ ተመሳስለን ፎቶ እንነሳለን።

ለእማዬ በጣም እንደናፈቀችኝ፣ በደንብ እንደምበላ ንገሪልኝ። ደብዳቤውን አንብቡልኝ ካለች የኩላሊቱን ነገር ዝለይው፤ ሰላምታውን ብቻ አሰሚያት። ለጠያቂዋ ልጅሽ፣ ሰውነት ለምን ራሱን ይወጋል ብላ ለላከችልኝ ጥያቄ መልሱን አላውቀውም በያት፤ ከእኛ መሃል የሚያውቀው የለም፤ ስታድግ መጥታ ታግዘን። ጋሼን ጉልበታቸውን ስመሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ። በማላውቀው ነገር የገባሁት እኔ ነበርኩ። እሁድ ደውዬ ራሴ እጠይቃቸዋለሁ፤ ቢቆጡኝ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

አንቺን ግን ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅሽ ጠፍቶኛል። ጥያቄሽ ትክክል ነበር። ወንድሜ ተምሯል ብለሽ፣ የራስሽን ጥያቄ ትተሽ እኔን አመንሽ። ዳግመኛ እንዲህ አትመኚኝ። ስሳሳት አፋጥጠሽ ያዢኝ፣ ስልኩን ዝጊብኝ፣ ስደቢኝ። ደህና ቀን ይመጣል፣ ወንድሜ ያገኝልኛል ብለሽ ግን አንድ ቀን እንኳ አትቀመጪ። ካንቺ በቀር እህት የለኝም፤ አትጠብቂኝ።

ወንድምሽ

ከላቦራቶሪው ሦስተኛ ፎቅ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን ረፋድ ላይ