የሃያ አራት እሁዶች ምስክር

ለአባቴ ለትሮንዱር፣

አባዬ፣ እንደምን ከረምክ? ወገብህስ እንዴት ነው? «ደህና ነኝ» እንደምትል ከወዲሁ ስለማውቅ መልስህን አልቀበልም፤ እማዬ ስትነግረኝ ነው የማምነው። እማዬስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ብርዱን ቻለው? አክስቴ ሱኒቫን ያ ሳል ለቀቃት? ወንድሜ ሆግኒ ከባሕር ተመለሰ ወይስ እንደ ልማዱ ዓሣው ካልጠገበኝ አልመጣም ብሏል? በጎቹ ክረምቱን እንዴት ወጡት? ያ አንድ ቀንዱ የጎበጠ አውራ በግ ዛሬም የሰው አጥር ያፈርሳል? እኔ ደህና ነኝ። ከደህናም አልፌ፣ ዛሬ ከደስታዬ ብዛት ብስክሌቴን ገበያ በር ላይ ረስቼ በእግሬ ቤቴ ገባሁ።

አልፌአለሁ አባዬ። ለቤተሰብ ሐኪምነት ስፔሻሊስት ሥልጠና ተቀብለውኛል። ጁን አንድ እጀምራለሁ።

ደውዬ ልነግርህ እችል ነበር። ግን አንተ በስልክ ሁለት ቃል ሳልናገር «ጥሩ ነው፣ እናትሽን ላቅርብልሽ» ትላለህ። የተጻፈ ነገር ሲሆን ግን እስከ መጨረሻው ሳታነብ አትተውም። ደግሞም የምናዘዝልህ ነገር አለኝ፤ እሱ በስልክ አይሆንልኝም። ስለዚህ መነጽርህን አድርግና ቁጭ ብለህ አንብበው። ቁጭ ብለህ ያልኩት ለወገብህ ብዬ ነው።

እዚህ ዴንማርክ ስፔሻሊስት ለመሆን ማመልከት ራሱ አንድ ፈተና ነው። አመልካቹ የሐኪምነት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የአንድ ዓመቱን መሠረታዊ ሥልጠና መጨረስ አለበት፤ ያንን እንኳ ዕጣ እያወጡ ነው የሚመድቡን። ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ ቁጥር ወጥቶልኝ፣ ሰው ሁሉ መርጦ ሲጨርስ የተረፈው የጁትላንድ ምዕራብ ዳርቻ እንደደረሰኝ ታስታውሳለህ፤ «ነፋስ ካለ ምን ጎደለሽ» ነበር ያልከኝ። ከዚያ ደግሞ በመረጠው ዘርፍ የመግቢያ ዓመት ሠርቶ፣ አለቃው እያንዳንዱን ሙያ «ይችላል» እያለ ይፈርምለታል። የእኔ አለቃ ዶክተር ፕሬበን የመጨረሻዋን ሲፈርም «አሁን እኔን ማከም ብቻ ነው የቀረሽ» አለኝ። ይህን ሁሉ አሟልቼ ነበር። ያሰናከለኝ የጊዜው ነገር ነው። መሠረታዊ ሥልጠናውን ከጀመረበት ቀን አንስቶ በአምስት ዓመት ውስጥ ዋናው ሥልጠና ያልገባ ሰው በሩ ይዘጋበታል፤ ተመልሶም አይከፈትለትም። የእኔ አምስት ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ አለቀ። ሥልጠናው የሚጀምረው ጁን ነው። አራት ወር አለፈኝ።

እነዚያ ወራት የት እንደሄዱ እኔም አንተም እናውቃለን። በበግ መሰብሰቢያው ሰሞን ከገደሉ መንገድ ወድቀህ አልጋ ስትይዝ፣ ሥራዬን ትቼ ወደ ደሴታችን መጥቼ ሰባት ወር አብሬህ ነበርኩ። ይህን ያነሳሁት ልወቅስህ አይደለም፤ ዛሬም ቢሆን እመጣለሁ። ደንቡም ለዚህ ቀዳዳ አለው፤ የታመመ ወላጅ ለማስታመም ከሥራ የቀረ ሰው፣ የሕመሙን ማስረጃ ካመጣ የቀረበት ጊዜ አይቆጠርበትም።

ማስረጃ ከየት ላምጣ አባዬ? ሐኪሙ ሊያይህ ሲመጣ ትራስ ተደግፈህ ቀና አልክና ስለ በግ እከክ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኸው። እሱም በየሁለት ሳምንቱ ከሚቀያየሩብን ተተኪ ሐኪሞች አንዱ ነበርና፣ በነፋስ የደረቀ የበግ ጭን ታቅፎ እየሳቀ ወጣ። ካርድህ ላይ «ወገቡን ጥቂት ያመዋል፤ ጨዋታ አዋቂ ነው» ብሎ ጽፏል። ቶርስሃቭን ከተማ ሆስፒታል እንሂድ ብዬ ስለምንህ «አንባቢው አልጋ ያዘ ከተባለ ወንበሬን ለሌላ ይሰጡታል» አልክ። ቄስ ሄንድሪክ ስድስት መንደር ስለሚዞሩ፣ እሳቸው በሌሉበት እሁድ ስብከቱን ከመጽሐፍ የምታነበው አንተ ነህ፤ ሠላሳ ዓመት ያነበብክበትን ቦታ ልታጣ ነው ብለህ ፈራህ። ስለዚህ «ልጄ ለልምምድ ታንብብ፣ እኔ እግሬን ላሳርፍ» ብለህ እኔን ላክኸኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም ልበል? አንተማ በስብከት ስታነበው የኖርክ ሰው ነህ።

ማመልከቻ የሚቀበሉትን ሴት ወይዘሮ ቦዲል ይሏቸዋል። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ካርድህን ሁለት ጊዜ አነበቡና «የኔ ልጅ፣ አባትሽ እኮ በወረቀት ላይ ካንቺ የበለጠ ጤነኛ ናቸው» አሉኝ። እኔ ራሴ ሐኪም ነኝ፣ በእጄ ዳስሼ አጥንቱ መሰንጠቁን አውቄያለሁ ብላቸው «ልጅ ለአባቷ ምስክር አትሆንም» አሉ። እውነታቸውን ነው። እስከ ሁለት ሳምንት ሌላ ነገር ካላመጣሁ ማመልከቻው ሳይታይ ይመለሳል ተባልኩ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ምን እደብቅሃለሁ። የታየኝ ያ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው የሐኪሙ ቤት ነበር፤ አንዱ ተተኪ ሻንጣውን ሳይፈታ ሌላው የሚመጣበት። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያ ቤት መጋረጃ የምሰቅለው እኔ ነኝ እያልኩ ነው ያደግሁት።

ለእማዬ ደወልኩ። ነገሩን ነገርኳት። እሷም «አባትሽ ለሐኪም ይዋሻል፣ ለኔም ይዋሻል፣ ለቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ግን አይዋሽም» አለችኝ።

ያኔ ትዝ አለኝ። እሁድ እሁድ አንብቤ ስመለስ መዝገቡን አምጪ ትለኝና ብርድ ልብስህ ላይ ዘርግተህ፣ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ትጽፍ ነበር። እኔ ማን እንዳነበበና የትኛው መዝሙር እንደተዘመረ የምትመዘግብ መስሎኝ ነበር። ከጎኑ የአስተያየት ቦታ እንዳለው አላወቅሁም።

ኑዛዜዬ እንግዲህ ይኸውልህ። እማዬ ቄስ ሄንድሪክ ዘንድ ሄዳ የእነዚያን ወራት ገጾች ቅጂ በማኅተም አስወጣች። አንተ ብትሰማ እንደማትፈቅድ ስለምታውቅ ፖስታውን በሠራችልኝ ሹራብ እጅጌ ውስጥ ሰፋችው። ሹራቡን ወደ ፖስታ ቤት የወሰደው ማን እንደሆነ ታውቃለህ። «ይኼ ሹራብ ከበደኝ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የሠራሽበት» አልካት አሉ። አዎ አባዬ፤ ምስጢርህን በገዛ እጅህ ላክኸው። ይቅር በለኝ፣ እማዬንም ይቅር በላት፤ ግን ከመቆጣትህ በፊት ቀጥሎ ያለውን አንብብ።

ጥቅሉ የደረሰኝ የመጨረሻው ቀን ላይ ነው። እጅጌውን በመቀስ ቀድጄ፣ ወረቀቶቹን አንዲት መስመር እንኳ ሳላነብ ደረቴ ውስጥ ከትቼ በብስክሌት ከነፍኩ። ዓርብ ነበርና ቢሮው ሁሉ ኬክ ዙሪያ ተሰብስቧል። ወይዘሮ ቦዲል ማኅተሙን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጽሕፈቱ ግን በኛ በደሴታችን ቋንቋ ነው። «በይ ተርጉሚልኝ» አሉኝ። ወንበር ቢሰጡኝም አልተቀመጥኩም። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ተቀምጦ አይነበብም ብለህ ያሳደግኸኝ አንተ ነህ።

ኦክቶበር 18፤ «ልጄ ራንቫ አነበበች። እኔ ታምሜ ከአልጋ መነሳት አልቻልኩም።» በሳምንቱ፤ «ራንቫ አነበበች። ቀኝ እግሬ ደንዝዟል። አልነገርኳትም፣ ትጨነቃለች።» ያንን እግር በየቀኑ እያሸሁ «ይሰማሃል?» ስልህ «እንዴታ፣ እጅሽ ይቀዘቅዛል» ትለኝ ነበር። የገና ሰሞን፤ «ራንቫ አነበበች። መስኮት አስከፍቼ ድምፅዋን ሰማሁ።» ፌብሩዋሪ፤ «ራንቫ አነበበች። ማንም ሳያይ ሁለት እርምጃ ሄድኩ።» እንዲህ እያለ ሃያ አራት እሁድ። ኬኩን የሚበላ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሳህኑን ይዞ ቆሟል።

ከዚያ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ፤ ሜይ 22። ያን ቀን ሆግኒን ተደግፈህ ቤተ ክርስቲያን ገብተህ ራስህ አነበብክ። ስንመለስ በር ላይ አቁመኸኝ «ከእንግዲህ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ጓዝሽን ሸክፊና ወደ ሥራሽ ሂጂ» አልከኝ። ሰባት ወር አስታምሜህ እንደ እንግዳ አባረርከኝ ብዬ በመርከቡ ላይ ሳለቅስ ነው የሄድኩት። አልነገርኩህም እንጂ ሁለት ዓመት በሆዴ ይዤው ነበር። ያን እሁድ የጻፍከው እንዲህ ይላል፤ «ዛሬ በእግሬ መጥቼ አነበብኩ። ራንቫ ከኔ የተሻለ ታነባለች። እሷ ግን ሌላ ሥራ ይጠብቃታል፣ ትሂድ። ያስቀረሁባትን ጊዜ እግዚአብሔር ይመልስላት።»

ከዚህ በኋላ መተርጎም አልቻልኩም። ወይዘሮ ቦዲል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «የኔ አባት የሰፈራችን ደወል ደዋይ ነበር» አሉ፤ «በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ የሚዋሽ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።» ወረቀቶቹን ማኅደሬ ውስጥ አስገብተው ቀን መቱባቸው። ልወጣ ስል ጠሩኝና «ሰባቱ ወር እንዲመለስ ሰውዬው ጸልየዋል፤ እንግዲህ የሚመለሰው በኛ ቢሮ በኩል ሊሆን ነው» አሉኝ፤ ኬክም በናፕኪን ጠቅልለው ሰጡኝ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ማለት ይኼ ነው።

በሦስት ሳምንት መልስ መጣ። ሰባቱ ወር አይቆጠርም፣ ማመልከት ትችላለች ይላል። ቀጥሎ ለቃለ መጠይቅ ቀርቤ ሦስት ሆነው ጠየቁኝ። አንደኛው፣ ቁመቱ እንደ ሆግኒ የረዘመ ሐኪም፣ «ደህና ነኝ እያለ የሚዋሽሽ በሽተኛ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ። «እውነቱን የት እንደሚጽፍ ሚስቱን እጠይቃለሁ» አልኩት። ሳቁ፣ እኔም የበጉን ጭንና የሹራቡን ነገር አንድ በአንድ አወራሁላቸው። ቀን ሲደርስ አምባ ይፈርስ እንዲሉ፣ የዛሬ ጠዋት ፖስታ ተቀባይነት ማግኘቴን አበሰረኝ። ዶክተር ፕሬበን ኮሪደር ላይ አቅፎ አነሳኝ፤ «የበግ አገር ዶክተር» እያለ ሲያሾፍብኝ የከረመው ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሥልጠናው አምስት ዓመት ነው። ሲያልቅ ያንን ቤት እከፍተዋለሁ፤ ሻንጣዬንም እፈታለሁ። የመጀመሪያው ካርድ የሚወጣው በአንተ ስም ነው፤ ስለ በግ እከክ ብታወራኝ አልሰማህም፣ የደረቀ ጭኑን ግን እቀበላለሁ። ያ እግርህ ዛሬም የሚደነዝዝ ከሆነ ደግሞ አምስት ዓመት አልጠብቅም፤ በዚህ ወር ቶርስሃቭን ሄደህ ታይ፣ ሆግኒ ይወስድሃል፣ ነግሬዋለሁ።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፣ የሹራቡን እጅጌ መልሼ ሰፍቼ ለብሼዋለሁ በላት። አክስቴ ሱኒቫን ያ የጓሮዋ ሩባርብ ማርማላታ አልቆብኛል በልልኝ፣ ለሳሏም ማር ይሻላል። ሆግኒን ከእንግዲህ ከቤታችን በነፋስ የሚሠራ አንተ ብቻ አይደለህም፣ የመንደር ሐኪምም በነፋስ ይዞራል በለው። ቄስ ሄንድሪክን እጅ ንሣልኝ፣ ለማኅተማቸው አመሰግናለሁ። ውሻህን ጆሮዋን እሽልኝ። ያን አውራ በግ እንኳ ዛሬ ይቅር ብየዋለሁ።

ከአንተ ግን የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኼን ሁሉ ጽፌልህም እኔ ራሴ እስካሁን በሕልሜ ይመስለኛል። አንተ ደግሞ መዝገቡ ላይ እውነት ያልሆነ ነገር አትጽፍም። የፊታችን እሁድ አንብበህ ስትጨርስ፣ ከስምህ ጎን «ጊዜዋ ተመለሰላት» ብለህ ጻፍልኝ። ያኔ አምናለሁ።

ልጅህ ራንቫ
ኦርሁስ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 2018