በእምቧይ ጭስ ያጠንሁት ጨሌ

ማክሰኞ፣ ጥር 5 ቀን 1956

የጎረቤቴ የየሽመቤት ጉንጭ ዛሬም እንዳበጠ ነው። ሦስት ቀኗ፣ እህል አልቀመሰችም። የልጇ የውዴ ሠርግ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ነው፤ የጠላውን ጌሾ የምወቅጥላት እኔ ነኝ። ውዴ ለሠርጓ የምታስረውን ቢጫ ጨሌ አየሁት፤ የሽመቤት ከእናቷ የወረሰችው ነው። ለካ በብርሃን ሲያዩት ውስጡ ትል አለ! መንጋጋው ቁርጥ ማጭድ። ጥርስን ትል እንደሚበላው ማን ያጣዋል? «ይኸ ነው የጥርስሽን ትል የሚጠራው፤ ስጭኝ ላውጣልሽ» አልኋት። «ተይው፣ የእናቴ ነው» አለች። ግድ ብዬ ወሰድሁት።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ምነው እጄን በሰበረው! የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ በትኜ፣ የታመመ ጥርስ እንደሚታጠነው ጨሌውን አጠንሁት። ትሉ ንቅንቅ አላለም። ጠጋ አደረግሁት። ድንጋይ ነው ብዬ እኮ ነው! ድንጋይ ይቀልጣል? አንድ ጎኑ አረፋ ደፍቆ ጠቆረ። የሽመቤት ስትጠይቀኝ «ገና ነው» አልሁ። ውሸት፣ ያውም በግዝረት በዓል።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ከሥላሴ ስመለስ ለትምህርት ቤቱ መምህር ለደሳለኝ አሳየሁት፣ የሚጠገን እንደሆነ ብዬ። በአጉሊ መነጽር አየና ቁጭ አለ። «እትየ፣ ይኸ አምበር ነው፤ የዱሮ ዛፍ ሙጫ። የሰው ልጅ ሳይፈጠር በፊት ነው ትሉ የሰመጠበት» አለኝ። በዚያ ማጭድ ሌላ ነፍሳት ወግቶ ይመጥጥ ነበር አለ። ዘመዱ ዛሬም አለ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ጥግ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ምሶ ለጉንዳን የሚያደባው ትል። ይኸኛው ግን አንገተ ረጅም ነው፣ ግንድ ላይ እየተሳበ ሳያድን አልቀረም ይላል። «ማጭዱ ያው ነው፤ መልኩና አዳደኑ ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል። እንዲህ ያለው ዛሬ የለም። ሙጫው ባያስቀምጠው ማን ይነግረን ነበር?»

«ታዲያ ጥርስ አይበላም?»

«ኧረ እትየ፣ ጥርስ አይቶም አያውቅ!»

ሳቀ። ከዚያ «ይኸን ጎኑን ምን ነካው?» ሲለኝ መሬት መሬት አየሁ። ምንም ያላጠፋ ትል! የሰው ንብረት!

ዓርብ፣ ጥር 8

ጨሌውን ለየሽመቤት መልሼ ነገርኋት። ጉንጯን ደግፋ «አንች! የእኔን ጥርስ ትተሽ ጨሌዬን አጠንሽው?» አለች። የሳቀች መሰለኝ። ወዲያው አለቀሰች። እናቷ ሊሞቱ ሲሉ ከአንገታቸው ፈትተው የሰጧት ኖሯል። አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

ማምሻውን ውዴ ብቅ አለች። እናቷ የጠቆረውን ጎን ወደ ማጅራት አዙራ ልታስርላት ነው። ጥርሷንም ነገ ሐሙሲት ከተማ ሄዳ ታስነቅላለች።

«ስለ እኔስ ምን አለች?» አልኋት።

«ስለ እርስዎ ምንም አላለችም። ብቻ ‹ጌሾውን ማን ይወቅጥልኛል?› ስትል ሰማኋት።»